ስተኛ የቆመልኝ ኮት

ያን ቀን ጠዋት ናይለኑን «ጥጥ ነው» ብዬ አሳለፍኩት። ዕድሜ ልኩን መቀስ ይዞ ለኖረ ጨርቅ ቆራጭ ይኼ ማለት፣ ቄስ ዓርብን ሐሙስ መስሎት ክትፎ እንደ መብላት ነው።

የጨርቅ ምርመራችን ላቦራቶሪ አይፈልግም። ከጣቃው ጠርዝ አንድ ክር ትመዛለህ፣ ክብሪት ትለኩስበታለህ፣ ታሸተዋለህ። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ናይለን ከሆነ እንደ ፌስታል ይሸታል፤ ጫፉም ቀልጦ ጠጠር ይቋጥራል። እኔ ለኮስኩ፣ አሸተትኩ፣ ምንም አልሸተተኝም። ምንም ካልሸተተማ ንጹሕ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጠጠሩን አይቼ እንዳልታረም መነጽሬ ግንባሬ ላይ ተሰቅሏል። በር ላይ ጥበቃው በዚያ ሽጉጥ በመሰለ የሙቀት መለኪያ ሲያነጣጥርብኝም እዚያው ነበር፤ ግንባሬን ለካሁ ብሎ መነጽሬን ለካና «ጋሼ በረዶ ነዎት፣ ይግቡ» አለኝ። ተደስቼ ገባሁ። ለካ ትኩሳቴም ተደስቶ አብሮኝ ገብቷል።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሽማግሌ እንደኔ እንዳይሞኝ ነው። በመንገዴ ላይ ትንሽ ብቀልድ አትቀየሙኝ፤ ከሳንባዬ ቀድሞ የዳነልኝ ቀልዴ ነው።

ማምረቻችን ከዱባይ ተራ ጀርባ ባለ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ድሮ የተማሪ ዩኒፎርምና ሸሚዝ እንሰፋ ነበር። አንዳንዱ ሸሚዝ ከእኔ ጠረጴዛ ተነስቶ ደረጃውን ወርዶ ሱቅ ሲሰቀል «ከውጭ የገባ» ይባላል፤ መንገድ ሳይሻገር ባሕር ተሻግሯል። ኮሮና ሲመጣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ዩኒፎርሙ ቀረ፣ ማስክ መስፋት ጀመርን። ማስክ ትንሽ ጨርቅ ነው፣ ትንሽ ሰው ይበቃዋል ተባለ። በዚያ ሰሞን ሠራተኛ ማባረር ክልክል ነው ሲባል በራዲዮ ሰምተናል፤ አሠሪዎቻችንም ሰምተዋል። ስለዚህ ማንንም አላባረሩም። ከሕንፃው በር ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም ክቦች አሠሩ። «ለርቀታችሁ ነው» አሉን። ጠዋት ክብ ውስጥ ቆሞ የተገኘ ይገባል፣ የዕለቱን ያገኛል። ክብ ያጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሦስት ጠዋት በተከታታይ ሰልፉ ላይ ያልታየ ሰው «በፈቃዱ ለቋል» ይባላል። ትኩሳት ተገኝቶበት ከበር የተመለሰም እንደ ቀረ ነው የሚቆጠረው።

ስለዚህ ሴቶቹ በር ከመድረሳቸው በፊት እራፊ ጨርቅ ውሃ ነክረው ግንባራቸውን ይጠርጋሉ። የሚያስለው ሳሉን እንደ አጥንት ይውጣል። ከበሽታው ይልቅ በሩን እንፈራ ነበር፤ በሽታውም ይህን ሳያውቅ አልቀረም።

ወደ ናይለኑ ልመለስ። የቆረጥኩት ክምር ተሰፍቶ ዘይነባ ዘንድ ደረሰ። ዘይነባ ካውያ ተኳሻችን ናት። የስልጤ ልጅ፣ ዓይኗ ሹል፣ ምላሷ ደግሞ ከዓይኗ የባሰ። የማስኩን ሽንሽን ለመተኮስ ካውያዋን ብታሳርፍ ጨርቁ እንደ ማስቲካ ተሳበ፣ ከካውያው ሆድ ተጣብቆ ጨሰ። ፎቁ ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። እኔ መቀሴን እያንሸራተትኩ ነው።

«ጋሼ ንጉሤ፣ ይኼን ነው ጥጥ ያሉኝ?»

«ጥጥ ነው። አሽትቼዋለሁ።»

«አሁንስ አይሸትዎትም?»

«ምኑ?»

የልብስ መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ዘይነባ የዘይት ቆሻሻ የምናስለቅቅበትን ነጭ ጋዝ የነከረ ጨርቅ አምጥታ ክንዷን በሩቁ ዘርግታ ሰጠችኝ።

«ይቺንስ?»

አፍንጫዬ ሥር አስጠጋሁት። «ውሃ ናት» አልኩ።

ሰው ከሰው እንዲህ በዝግታ ሲርቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ማንም አልጮኸም። ልክ መጋረጃ በቀስታ ሲከፈት እንደሚሆነው ግራና ቀኝ ተከፈሉና በመሃል ባዶ ወለል ቀረ፤ ጫፉ ላይ እኔ። ሱፐርቫይዘሩ ተካ ከመስታወት ክፍሉ ወጥቶ በማስኩ ላይ ሌላ ማስክ ደረበና «ጋሼ፣ በቀኝ በኩል ይውጡ፤ ምንም አይንኩ» አለኝ። ምንም ሳልነካ ወጣሁ። ኮቴንም ጭምር ሳልነካ። ጠረጴዛዬ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

ቤቴ ከገበያው ጀርባ፣ በእግር ቅርብ ነው። ያን ቀን ግን መንገዱ ረዘመብኝ። ሸክም የያዙ ሰዎች «ዞር በሉ!» እያሉ ሲያልፉ ድምፃቸው ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስላል። በበርበሬው በኩል አለፍኩ፤ መርካቶን ያለ ሽታ ማለፍ ያለ ድምፅ ሠርግ እንደማየት ነው። ሰው ሁሉ እየጨፈረ ከበሮው አይሰማህም።

ሚስቴ አስካለ ገና ስታየኝ ፈረደች። «ምች ነው። ላብህን ይዘህ ደጅ ወጥተህ።» ዳማከሴ ጨምቃ በቡና አጠጣችኝ፣ ቅጠሉንም አሽታ አፍንጫዬ ላይ ያዘችልኝ። አንድ ነገር አልሸተተኝም። ይህን ስነግራት እጇን ሰበሰበችና ቅጠሉን ለራሷ አሸተተችው፤ እንደሚሸት ለማረጋገጥ።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄድን። የመጠበቂያው ወንበሮች ላይ አንድ እየተዘለለ «አይቀመጡበት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሰው ግን ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ያነበዋል። ማንም ከማንም ጋር አያወራም። አንዱ ሲያስል ሁላችንም ጣሪያ እናያለን፤ ሳሉ ጣሪያ ላይ እንደሚሄድ ሁሉ። ደሜን ወሰዱ፣ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አሉኝ። እዚያ ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይገኝበት የወጣ ሰው አላየሁም፤ ወንበሩንም ቢመረምሩት አያጣም። አፍንጫዬ አይሠራም ብላቸው «ትኩሳቱ ሲወርድ ይመለሳል» አሉ። አስካለ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችው ሁሉ በዚያ ምርመራና በዚያ መድኃኒት አለቀ። ክፉው ቀን ግን ገና አልመጣም ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢዬን ላስቁም። ሽታና ጣዕም በድንገት ከጠፋብህ አፍንጫህን አትጠብቀው። ኮሮና ያን ጊዜ እንዲህም ብሎ ይገባ ነበር። ሳል ሳያሰማ፣ ካልሲውን ብቻ አድርጎ። የታይፎይድ መድኃኒት አያውቀውም። እኔ መድኃኒቱን እየዋጥኩ ስጠብቅ እሱ ሳንባዬ ውስጥ ዕቃውን ያስገባ ነበር።

ሦስተኛው ጠዋት መጣ። ሁለቱን ቀርቻለሁ፤ ይህን ከቀረሁ «በፈቃዱ ለቋል» ሆንኩ ማለት ነው። በእኔ ዕድሜ ከመቁረጫ ጠረጴዛ የወረደ ሰው ሌላ ጠረጴዛ አያገኝም፤ ልጆቹ አሁን በኤሌክትሪክ ነው የሚቆርጡት። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ሱሪዬን ፈለግሁ።

«ሱሪዬ የት አለ?»

«ታጥቧል» አለች አስካለ፣ ከጋቢዋ ሥር።

«ሌላውስ?»

«ታጥቧል።»

«የበዓሉስ?»

«እሱንም አጥቤዋለሁ።»

«ማን ሊለብሰው ነው ይኼ ሁሉ?»

«አንተ። ስትድን።»

ተበሳጨሁ። ለስንቱ ሰው ሱሪ ቆርጬ በመጨረሻ ያለ ሱሪ ልባረር ነው? ጋቢዬን አገልድሜ ወደ በሩ ሄድኩ። ደፉ ጋ ስደርስ እግሬን አነሳሁ፤ ትንፋሼ ግን አልተከተለኝም። እንደ ባዶ ክር ማጠንጠኛ ነው የሆንኩት፤ ይዞራል፣ ምንም አይመጣም። ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። አስካለ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከቤት ከመወሰዴ በፊት ስትናገር የሰማኋት የመጨረሻ ነገር «ሰልፉ ይጠብቃል፣ አንተ ሰውዬ፤ ሰልፍ ሰው ነው እንዴ የሚሞተው» የሚል ነበር። ከዚያ ጎረቤታችን ሚኒባሱን አስነስቶ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ፣ ሆስፒታል አደረሰኝ።

እዚያ ነው ስሙ የተነገረኝ። ጣቴ ላይ የልብስ መቆንጠጫ የመሰለች ነገር አስነከሱኝ፤ በደም ውስጥ ያለውን አየር ታነባለች። ያነበበችው ነገር ደስ አላሰኛቸውም። ኦክስጅን በቱቦ አፍንጫዬ ላይ አደረጉልኝ። ነርሷ ከላይ እስከ ታች ተጠቅልላለች፤ የማያት ዓይኗን ብቻ ነው።

«አባባ፣ በሆድዎ ይተኙ። ሳንባዎ በጀርባ በኩል እንዲከፈት ነው።»

ገልብጠው በሆዴ አስተኙኝ፤ ቆይተው በጎኔ፣ ቆይተው ደግሞ መለሱኝ። «እንደ ሱሪ ተኮሳችሁኝ እኮ፣ ሽብሽቡን እንዳትስቱ» አልኳት በተቆራረጠ ትንፋሽ። ሳቀች መሰለኝ፤ ዓይኗ ጠበበ። ከዚያ ጀምሮ በተራዋ ስትመጣ «ካውያው ደርሷል» ትለኝ ነበር። አንድ ሰው በስሙ ሳይሆን በቀልዱ ሲጠራህ፣ ነገ ልትኖር ትችላለህ ብሎ እንደሚያስብ ታውቃለህ።

ሌሊቱን አልነግራችሁም። ሌሊቱ የሁላችንም አንድ ዓይነት ነው፤ የጎረቤትህን አልጋ ትንፋሽ ትቆጥራለህ፣ ሲቆም ያንተንም ትይዛለህ። የምነግራችሁ የቀኑን ሕልም ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ብርድ ልብሴ ላይ ስትተኛ፣ ትኩሳቴ ወደ አንድ ቦታ ይወስደኝ ጀመር። ሁልጊዜ አንድ ቦታ።

ኮት ሆኛለሁ። ያ ጨርቁ ክርኑ ላይ የሳሳው ግራጫ ኮት። ውስጤ ሰው የለም፤ ነፋስ በአንዱ እጅጌ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ ደስ ይላል፣ አየር እንደዚህ እንደ ልብ ሲገባና ሲወጣ። መርካቶ ገና አልነቃችም፤ የሱቆቹ የብረት መዝጊያ ወርዷል፣ ሰማዩ እንደ አዲስ የታጠበ ከፋይ ነው። በነጭ ክብ ውስጥ ቆሜያለሁ። ከፊቴም ከኋላዬም ሰልፍ አለ፣ ሴቶች ናቸው፣ ፊታቸው አይታየኝም። በሩ ይከፈታል፤ አንድ ድምፅ ስሜን ይጠራል። «ንጉሤ!» ኮት አፍ የለውምና መመለስ አልችልም። ልጮህ እላለሁ፤ ቁልፎቼ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። አሁን «በፈቃዱ ለቋል» ሊለኝ ነው። ያን ጊዜ ሴቶቹ በአንድነት፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ እንደሚዜም ነገር፣ «አሉ» ይላሉ።

በዚያ ቃል እነቃለሁ። ቱቦው አፍንጫዬ ላይ ነው። አለሁ።

ሲሻለኝ ወደ ቤት ላኩኝ። ከፎቅ የወረደ ሸክም የመሰለ ገላ ይዤ፣ በግድግዳ እየተደገፍኩ። ስለ ሥራ አላነሳሁም፤ አስካለም አላነሳችም። ሱሪዎቼን ግን ሁሉንም ተጣጥፈው አገኘኋቸው። አንድ ቀን ፀሐይ ስሞቅ «ኮቴ እዚያው ቀረ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ጥለውት ይሆናል። የበሽተኛ ኮት ማን ያስቀምጣል?»

«ሄደህ እየው» አለችኝ። «እግርህ ሲጠና። እኔ ብነግርህ ቀለድሽ ትለኛለህ።»

እግሬ ሲጠና በአንድ ጠዋት ሄድኩ። ለመሰናበት ነው የሄድኩት፤ ለመሥራት አይደለም። ከሕንፃው ማዶ፣ ገና ያልተከፈተ የጫማ ሱቅ ጥግ ቆምኩና ሰልፉን አየሁ። ክቦቹ አሉ። ሴቶቹ አሉ። ከዘይነባ ቀጥሎ ባለው ክብ ውስጥ የወለል መወልወያ እንጨት ድንጋይ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ተተክሎ፣ በላዩ ላይ ግራጫ ኮቴ ቆሟል። ነፋስ በአንዱ እጅጌ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከኮቱ ኋላ ሌላ እንጨት ላይ የሴት ሹራብ አለ። ከሹራቡ ኋላ አንድ ሻርፕ።

ትኩሳቱ የተመለሰብኝ መሰለኝ። ግንባሬን ዳሰስኩ። መነጽሬን አገኘሁት፤ አወረድኩት። ኮቱ አሁንም ቆሟል።

ተካ ወጣ፤ ስም ይጠራ ጀመር። «ዘይነባ።» «አለሁ።» ቀና ብሎ ኮቱን አየና በሰለቸው ድምፅ «ጋሼ ንጉሤ» አለ።

«አሉ» አሉ ሴቶቹ።

መንገዱን ተሻግሬ ወደ ክቤ ልገባ ስል አዲስ የተቀጠረች፣ የማታውቀኝ ልጅ ክንዷን ዘርግታ አገደችኝ።

«አባባ፣ ሰልፍ አለ። ከኋላ ይያዙ።»

«ይኼ የኔ ቦታ ነው።»

«የሰው ቦታ ነው። ባለቤቱ ታሞ ነው። ኮቱን አያዩም?»

ዘይነባ ዞር አለች። አየችኝ፤ ያ ሹል ዓይኗ ሞላ። ምላሷ ግን ወዲያው ደረሰላት። «ተዪያቸው፣ ኮቱ ውስጥ የጎደለው ሰውዬ ናቸው» አለች።

የሆነውን በምሳ ሰዓት፣ በሩቁ ተቀምጠን ነገረችኝ። ያን ሦስተኛ ጠዋት፣ እኔ ደፌ ላይ ትንፋሼን በምፈልግበት ሰዓት፣ ኮቴን በዋዜማው ከምስማሩ አውርዳ ሌሊቱን ጣሪያ ላይ አስጥታው ነበርና ይዛው መጣች። ዘግይታለች፤ የቀረው አንድ ክብ ብቻ ነው። ኮቱን እዚያ ክብ ውስጥ አቆመችውና ራሷ ከክቡ ውጪ ቆመች።

ተካ «ይኼ ምንድነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ጋሼ ንጉሤ ናቸው።»

«ኮት ጨርቅ ይቆርጣል?»

«አይቆርጥም። ግን አልቀረም። የዘይት ሰልፍ ላይ ድንጋይ ተሰልፎ ያድራል፣ ጀሪካን ተሰልፎ ያድራል፤ የሰው ተራ ነው ተብሎ የሚነካው የለም። ጋሼ ከጀሪካን ያንሳሉ?»

«ዘይነባ፣ ነገር አትፈልጊ።»

«ነገር አይደለም። ሦስት ጠዋት ሰልፉ ላይ ያልታየ ነው ያላችሁት። ይኸው እየታዩ ነው። በእሳቸው ፈንታ ክብ ያጣ አንድ ሰው አስገባ። የእሳቸውን ስም ግን አትሰርዝ።»

ተካ ኮቱን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። ያን ጊዜ ከኋላ አንዷ «የበሽተኛ ኮት ነው፣ አንተው» አለችው፣ ቀስ ብላ። እጁን መለሰ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ግን አንዳቸውም ወደ በሩ አልተራመዱም። ኮቱ ሳይቆጠር ማንም አይገባም ማለታቸው ነበር። ተካ ወደ ላይ ወጣ፣ ከባለቤቱ ጋር በስልክ ተነጋገረ፣ ተመለሰ። በኮቱ ፈንታ አንድ ክብ ያጣች ሴት ገባች፣ ስሜ ቀረልኝ። ዘይነባ ግን «ለራሷ ብላ ነው» እንዳይባል ተራውን ለሌላዋ ትታ ያን ቀን ሳትሠራ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ከማግስቱ ጀምሮ ቀድማ እየመጣች ኮቱንም ራሷንም ታሰልፍ ነበር።

ከእኔ ጠረጴዛ አጠገብ የነበሩ ሁለት ሴቶች ኋላ ሲታመሙ፣ እንደ ድሮው ግንባራቸውን በውሃ አልጠረጉም። ቤታቸው ቀሩና ሹራባቸውንና ሻርፓቸውን ላኩ። የታመምንበት ቀን አልተከፈለንም፤ ይህን አልደብቅም፣ እስከ ዛሬም አልተከፈለም። ሥራችን ግን ጠበቀን። ሰው ትኩሳቱን ሳይደብቅ ቤቱ መቅረት ሲችል በሽታው ራሱ በር ያጣል። ከዚህ ሁሉ የምመክራችሁ አንድ ነገር ቢኖር ይኼ ነው።

አፍንጫዬ ሳይቸኩል ተመለሰ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ክር መዝዤ ስለኩስ ከሩቅ፣ ከሌላ ሰው ቤት የሚመጣ የመሰለ የተቃጠለ ወረቀት ሸተተኝ። ደግሜ ለኮስኩ፤ ደገመልኝ። ዘይነባን ጠርቼ «ጥጥ ነው» አልኳት።

«በማን አፍንጫ?»

«በራሴ።»

ወስዳ አንድ ጨርቅ ብቻ ተኮሰች፤ ካውያዋን ገልብጣ ሆዱን አየች። ከዚያ ሙሉውን ክምር ወሰደች። እስከ ዛሬ እንደዚያ ናት፤ አንዱን ትተኩሳለች፣ ታያለች፣ ከዚያ ታምነኛለች። አልቀየማትም።

ከእሷ ጋር ያለኝ ዕዳ ግን አልተዘጋም። የዚያን ቀን ደመወዟን ልስጣት ብል አልተቀበለችም። ቀሚስ ልቁረጥልሽ ብላት «በናይለን?» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ልክፈልሽ?»

«ጠዋት ነው የሰጠሁዎት፤ ጠዋት ይመልሱልኝ። እኔ ስታመም እርስዎ ይቆሙልኛል።»

አሁን ሰልፉ ቀርቷል። ክቦቹን ክረምቱና የሰው ጫማ አጥፍተዋቸዋል፤ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ካልሆነ አያያቸውም። ማታ ማታ የታክሲ ሰልፍ ቀድሜ እይዝላታለሁ፤ «ታክሲ አይቆጠርም» እያለች ትሳፈራለች። እንግዲህ ያን ጠዋት እንድከፍል እሷ መታመም አለባት፣ ሰልፉም መመለስ አለበት። ሁለቱም እንዳይሆኑ እየጸለይኩ ባለዕዳ ሆኜ ልሙት ብያለሁ። ቢሆንም ነገር አይታወቅምና፣ ከሥራ ስወጣ ኮቴን ምስማሩ ላይ ትቼው እሄዳለሁ።

አስካለ በሸሚዝ ብቻ ስገባ ባየችኝ ቁጥር ትቆጣለች።

«ኮትህስ፣ አንተ ሰውዬ?»

«ተረኛ ነው» እላታለሁ።